የፋይቶፕላንክተንና የባክቴሪያ ወቅታዊ መለዋወጥ ምንድን ነው?

ፋይቶፕላንክተን በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ፣ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን ሌላው የሠራውን ይበላሉ። የሁለቱ ብዛት በአንድ ውኃ ውስጥ ከሳምንት ሳምንት፣ ከወቅት ወቅት ከፍና ዝቅ ይላል።

ብዙ ጊዜ ፋይቶፕላንክተን ሲበዛ ባክቴሪያም በቀናት ልዩነት ይከተላል፤ ምግቡ ከሕያዋኑ የሚወጣውና ከሞቱት የሚቀረው ካርቦን ነውና። ክረምት ግን ይህን ዝምድና ያፈርሰዋል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ ያለውን የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ እንውሰድ። ወንዙ ደለል ተሸክሞ ሲገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም አብሮ ይገባል፤ ነገር ግን በደፈረሰ ውኃ ብርሃን ወደ ታች ስለማይዘልቅ ፋይቶፕላንክተን አይጠቀምበትም። ባክቴሪያ ብርሃን አያሻውም፤ ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የመጣው ይበቃዋል። ዝናቡ አባርቶ ደለሉ ሲዘቅጥ ተራው የፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም የአልጌው ይሆናል።

በጅማ ዙሪያ ሌላም ጊዜ አለ፤ እሸት ቡና የሚፈለፈልበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ስኳር የበዛበት የቡና እጣቢ፣ ውኃው እየቀነሰ ባለ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ባክቴሪያ በፍጥነት ተራብቶ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ወንዙ የሚሸተው ለዚህ ነው፤ በአልጌ ምክንያት አይደለም።

ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ለውጡ በሰዓታት ይቆጠራል፤ የባሕሩ ውኃ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ እየገፋ ጨው ያስገባልና። ግልገል ጊቤ በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ስለሚገባ ይህ አይገጥመውም።

ለመለካት ናሙና በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ይወሰዳል። የአልጌ ማዕበል (በአንዴ በብዛት መራባት) በቀናት ተነስቶ ሊያልፍ ስለሚችል በወር አንዴ መቅዳት ያስመልጣል። ለአልጌ በ100 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሚሊ ሊትር ሕዋሳቱን ሳይበላሹ የሚያቆይ የሉጎል አዮዲን ይጨመራል፤ ቀለሙ ቀጭን ሻይ ሲመስል በቂ ነው። ባክቴሪያ በሌላ ጠርሙስ፣ በ2 በመቶ ፎርማሊን ይያዛል፤ አዮዲኑ በማይክሮስኮፕ ለመቁጠር የምንቀባውን አብሪ ቀለም ያደበዝዛል። ማቆያ ሳይጨመርበትና ሳይቀዘቅዝ የዋለ ናሙና አይረባም፤ ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥ ይራባል፣ ቁጥሩም የግድቡ መሆኑ ይቀራል።

ዳር ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ቅባት ከታየ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ የባክቴሪያ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ ለሰውም ለከብትም ከዚያ አይቀዳ።