ሼል ጋዝ፦ «አለ» እና «ያዋጣል»

በሰሜን ሸዋ የጀማ ገደል ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደራረበበት ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂብሰምና ሼል (ከደቀቀ ጭቃ የተሠራ ስስ ንብርብር ድንጋይ)። ጎረቤት ወረኢሉ ላይ ደግሞ ድፍድፍ ዘይት ከመሬት ይመነጫል። ስለዚህ በአካባቢው «ነዳጅ አለ» የሚል ወሬ ቢነሳ አይገርምም።

ሼል ግን የትም አለ። ጋዝ የሚሰጠው የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት በብዛት ይዞ፣ ጥልቀት ውስጥ በሙቀት ሲበስል ነው። እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ በሙሽ ሸለቆ ያለው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ሼል ቅጠል ታትሞበታል፤ አብሮት ያለው ከሰል ግን ሊግናይት፣ ማለትም በሙቀት ብዙ ያልበሰለ ለጋ ከሰል ነው። ገና ጥሬ ነው ማለት ነው።

የበሰለ ሼል ቢገኝም ሦስት ቁጥሮችን መለየት ያስፈልጋል። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ጋዝ፣ በዛሬው ቴክኖሎጂ ሊወጣ የሚችለው፣ እና ወጪውን ሸፍኖ ትርፍ የሚያስገኘው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ከዚያም ያንሳል፤ ዜና ላይ የሚጮኸው ግን ትልቁ ቁጥር ነው።

ፖላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ሊወጣ የሚችለውን ጋዝ 5.3 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አለ። በዓመቱ የፖላንድ ጂኦሎጂ ተቋም ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ብሎ አወረደው። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የሚረባ ምርት አልመጣም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተራ በተራ ወጡ። ጋዙ በብዛት ያለባት አሜሪካም አልተረፈችም። በምሥራቅ አሜሪካ ያለው የማርሴለስ ሼል ግምት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ410 ወደ 141 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ወርዷል።

ችግሩ ከጉድጓዱ ባህርይ ይጀምራል። የሼል ጉድጓድ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ምርቱ ከግማሽ በላይ ይወድቃል። ገማቾች ግን የጥቂት ዓመታት መረጃ ይዘው የ30 ዓመት መስመር ይስላሉ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከተዛባ መጨረሻው በጣም ይርቃል። በዚያ ላይ መጀመሪያ የሚቆፈረው ምርጡ ቦታ ነው፤ እሱን ይዞ ሜዳውን ሁሉ መለካት ያሳስታል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጉድጓድ እንኳ ፍጹም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውም አይጨበጥም። በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 በሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ) ከ12 ዶላር በላይ የነበረው ጋዝ በ2012 ጸደይ ከ2 ዶላር በታች ወርዷል። ድንጋዩ ያው ነው፤ አዋጭ የተባለው ግን ተነነ። በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ቱቦው፣ መንገዱና ገዢው ከቁፋሮው በፊት ነበሩ። እንደ ጀማ ባለ ገደላማ አገር ግን መንገዱና ቱቦው ከባዶ ይጀመራል። የሼል ጋዝ የሚወጣው ድንጋዩን በውኃ ግፊት በመሰንጠቅ ነው፤ ለዚህም ለአንድ ጉድጓድ ብቻ በሚሊዮኖች ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህም ሂሳቡ ውስጥ ይገባል።