«ራምቦ» የሚለው የፈረንሳይ የቤተሰብ ስም ምንድን ነው?

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው «የራምቦ ቤት» ሙዚየም ስሙን ያገኘው ከ1880 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በከተማዋ ቡናና ቆዳ ከነገደው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ከአርተር ራምቦ ነው። ስለ ሰውየው ብዙ ተጽፏል። ስሙም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ራምቦ በፈረንሳይ እንደ ማርታን በየመንደሩ የሚገኝ ስም አይደለም። የቤተሰብ ስም ከመሆኑ በፊት የሰው መጠሪያ ነበር፤ ሥሩም ጥንታዊ ጀርመንኛ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍራንኮች የተባሉ የጀርመን ነገዶች አገሩን ሲይዙ ስሞቻቸውም አብረው ገቡ፤ እያደርም ነባሩ ሕዝብ ልጆቹን በገዢዎቹ ስም ይጠራ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ «ራጊንባልድ» ነው፤ «ራጊን» ምክር፣ «ባልድ» ደፋር ማለት ነው። ገጥሞ «በምክሩ የሚደፍር» ብሎ መፍታት ደስ ይላል። ሆኖም የዚያ ዘመን ወላጆች ብዙ ጊዜ ከዘመዶቻቸው ስም ቁራጭ እየወሰዱ ያጣምሩ ስለነበር ፍቺውን ማጥበቅ አይገባም።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመው የድምፁ ጉዞ ነው። የ«ባልድ» «ል» ወደ «ው» ተለወጠችና «ባውድ» ሆነ፤ «አው» ወደ «ኦ» ተጠቀለለ፤ የመጨረሻዋ «ድ» ከአፍ ጠፋች። የፈረንሳይኛው አጻጻፍ (Rimbaud) ግን እስከ ዛሬ «ድ»ን አልለቀቀም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የኦራንዥ ከተማ ጌታ የነበረው ባለቅኔ ራይምባውት የዚሁ ስም የደቡብ መልክ ነበረው፤ ያኔ ገና የግል መጠሪያ ነበር።

ከተሞች ሲያድጉና አንድ ስም ብዙ ሰው ሲጋራ ሁለተኛ መለያ አስፈለገ፤ የአባት ስምም ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፍ ጀመር። በ1539 ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ቀሳውስት የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ። በ1794 ደግሞ በልደት መዝገብ ከሰፈረው ውጭ በሌላ ስም መጠራት በሕግ ተከለከለ። በእኛ አገር በየትውልዱ የሚቀየረው የአባት ስም፣ እዚያ በአንድ አያት ላይ ቆመ።

የባለቅኔው አባት፣ ሻምበል ፍሬደሪክ፣ በ1860 ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ ልጆቹን ያሳደገችው እናታቸው ቪታሊ ኪዊፍ ነበረች። ስማቸው ግን ራምቦ ሆኖ ቀረ። ከሐምሌ 2022 ወዲህ ማንኛውም አዋቂ ፈረንሳዊ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የእናቱን የቤተሰብ ስም መውሰድ ይችላል።