የተራራ አልትራማራቶን ምንድን ነው?

ከማራቶን፣ ማለትም ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የሩጫ ውድድር ሁሉ አልትራማራቶን ይባላል። የተራራ አልትራማራቶን የሚሰኘው ደግሞ ርቀቱ በአቀበትና በቁልቁለት፣ በአብዛኛውም መኪና በማይገባበት የእግር መንገድ ላይ ሲሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ምድር የሚካሄደው ዩቲኤምቢ (አልትራ ትሬይል ዱ ሞን ብላን) የተባለው ውድድር ርቀቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ያለው አቀበት ሁሉ ሲደመር 10,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሀረጎ ዳገት በኩል ደሴ የሚገባ ሰው ከፍታው የሚጨምረው 600 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የዚህ ውድድር ሯጭ ሀረጎን ከ16 ጊዜ በላይ የወጣና የወረደ ያህል ነው።

ብዙ ሰው ፈተናው አቀበቱ ይመስለዋል። አቀበት ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል፤ ሆኖም ሲከብድ መራመድ ይቻላል፤ አንደኛ የሚወጡት ሯጮች እንኳ ቀጥ ያለውን ዳገት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተክለው በእርምጃ ነው የሚወጡት። እግርን የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። ሰውነት ወደ ታች ሲወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ በዚያው ቅጽበት ክብደቱን መግታት ስላለበት፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ይጎዳሉ። ሀረጎን በእግሩ ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው፣ በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። በአልትራማራቶን ግን ማግስቱ የሚመጣው ውድድሩ ሳያልቅ ነው። ጡንቻ ቁልቁለትን በተደጋጋሚ ሲለማመድ ጉዳቱ ስለሚቀንስ፣ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቶሳ ተራራ ሲወጣ ብቻ ሰዓት የሚይዝ ሯጭ የልምምዱን ግማሽ እንደተወ እቆጥረዋለሁ። በደሴ ከፍታ ማደግ ለትንፋሽ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ጭንን ግን ለቁልቁለት አያዘጋጅም።

ሌላው ፈተና ሆድ ነው። ደም ወደሚሠሩት ጡንቻዎች ስለሚያደላ፣ ከብዙ ሰዓት ሩጫ በኋላ ሆድ ምግብ አልቀበልም ይላል። ያለ ልክ ውኃ ብቻ መጠጣትም በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ አእምሮን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። በሶ በጨው የመንገደኛ ስንቅ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ብርዱ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ የደከመ ሯጭ ደግሞ ፍጥነቱ ሲወርድ የሚያመነጨው ሙቀትም አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በቻይና ጋንሱ ግዛት በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ንፋስ፣ ዝናብና በረዶ በድንገት ወርዶ 21 ሯጮች ሞተዋል። በዚያ ውድድር ንፋስ የሚከላከል ጃኬት መያዝ ግዴታ አልነበረም፤ በዩቲኤምቢ ግን የዝናብ ጃኬትና የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ከመነሻ እስከ መድረሻ ተሸክሞ መሮጥ ለሯጩ ግዴታ ነው።