የድባቴ መድኃኒት ሲቀየር፦ ቡና ላይ የሰማነው እና እውነታው

ባለፈው ክረምት የታላቅ እህቴ የድባቴ መድኃኒት ተቀየረ። ለዓመታት ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ትወስድ ነበር። አፏ እየደረቀ፣ ሆዷ እየደረቀ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት እያቃታት ስትቸገር ሐኪሟ ወደ ፍሎክሲቲን ቀየረላት። እኛ ሰፈር፣ ጅማ ሄርማታ፣ ወሬው ቡና ላይ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የመከሯት ሁሉ ስለሚወዷት ነው። ግን ከምክሩ ብዙው ስህተት ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ይጎዳል።

«መድኃኒት ከተቀየረ በሽታው ብሷል ማለት ነው»

አይደለም። የመጀመሪያው መድኃኒት ለሁሉም አይስማማም፤ ሁለተኛ መሞከር የተለመደ ነው። የመቀየሩ ምክንያት የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን ይችላል። እርግዝና፣ ሌላ በሽታ፣ ዋጋ ወይም መድኃኒቱ ከገበያ መጥፋትም ሊሆን ይችላል። የእህቴ ድባቴ በደንብ ተሽሏት ነበር። የአፏ መድረቅ ነው ያስቀየራት።

«የድሮውን ዛሬ ትቼ አዲሱን ነገ እጀምራለሁ»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና።

መድኃኒቶቹ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት አንድ አይደለም። ሰርትራሊን የሚባለው ሌላ የድባቴ መድኃኒት መጠኑ በአንድ ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ፍሎክሲቲን ግን ካቆሙትም በኋላ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። በዚያ ላይ ፍሎክሲቲን ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚሰባብርበትን መንገድ ያግዳል። ሁለቱ ያለ ቁጥጥር ከተደራረቡ አሚትሪፕቲሊኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የትኛው በምን ያህል ይቀንስ፣ የትኛው መቼ ይጀመር የሚለው የሐኪም ሥራ ነው። ፋርማሲ መስኮት ላይ «ያው ነው፣ ይኼን ውሰጂ» ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እኛንም አንድ ቦታ እንዲህ ብለውን ነበር፤ ደግነቱ አልገዛንም።

የእህቴ ሐኪም በየሳምንቱ የምትወስደውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈላት። የቁም ሳጥኑ በር ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። እንዲያም ሆኖ ተሳሳትን። አሮጌው ማታ የሚወሰድ ስለነበር አዲሱንም ማታ ዋጠችው። ፍሎክሲቲን እንቅልፍ ሊነሳ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚወሰደው። ሦስት ሌሊት እስከ ንጋቱ አዛን ዓይኗ ፈጦ አደረች። ወረቀቱን መልሰን ስናየው «ጠዋት» ይላል።

ድንገት ማቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ብስጭት ይመጣል። አንዳንዱን ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ውል ያለ ይመስለዋል። የሚያስፈራ፣ ቁልጭ ያለ ሕልምም አለ። ጅማ ውስጥ ይኼን የሰማ ሁሉ «ዱካክ ነው» ይላል፤ ቃሚ ጫት ሲያቋርጥ የሚመጣበትን ቅዠት ማለት ነው። ጫት ለማይቅም ሰው ግን ምክንያቱ ያመለጠ ወይም በድንገት የቆመ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይኼ ይጠየቅ።

«ለማቆም ካስቸገረ ሱስ ነው»

ሱስ ሐራራ አለው፤ መጠን ጨምር ጨምር ያሰኛል። እነዚህ መድኃኒቶች እንዲህ አያደርጉም። አንጎል ስለለመዳቸው ነው ቀስ በቀስ መቀነስ የሚያስፈልገው። ተሻለኝ ተብሎም ወዲያው አይቆምም። ብዙ ጊዜ ካገገሙ በኋላ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀጥል ይመከራል።

«ሳምንት ሆነው፤ አልሠራም»

ገና ነው። ለውጡ መሰማት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የሚያበሳጨው፣ የጎንዮሽ ስሜቱ ቀድሞ ይመጣል። የሆድ መረበሹና ቅብጥብጡ ብዙ ጊዜ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይቀንሳል።

«ትንሽ ቃም ቃም አድርጊ፣ ትነቃቂያለሽ»

በጅማ ይኼን ምክር ማምለጥ ከባድ ነው። ምርቃናው ላይ ዓለም የቀለለች ትመስላለች። ሲወርድ ግን ድብርቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። መድኃኒት የቀየረ ሰው ደግሞ በነዚያ ሳምንታት ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው። ጠዋት የከፋው ከአዲሱ መድኃኒት ይሁን ከትናንቱ በርጫ ሐኪሙም መለየት ያቅተዋል። ከጫት በኋላ የሚጠጣው ጨብሲ ይብሳል፤ አልኮል ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ ክፉኛ ያደነዝዛል። የሚቅም ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር። ተደብቆ የተቃመ ጫት የሕክምናውን ስሌት ያበላሻል።

«ጸበል ወይም ዱዓ ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪው»

ሁለቱ አይጣሉም። ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ኪኒንሽን ውጠሽ እንጸልያለን» አሏት። ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

«የመጣውን ሁሉ መቻል ነው»

ይኼኛው ያስፈራኛል። ማቅለሽለሽ ይቻላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ግን ለብቻ ይዘውት የሚያድሩት ነገር አይደለም። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠን ሲቀየር የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ለቀናት ሳይተኙ በጉልበት መፍለቅለቅና ገንዘብ መበተንም መልካም ምልክት አይደለም። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መቃዠት አንድ ላይ ከመጡ አደጋ ነው። ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል የጨመረ ሰው ላይ ይኼ ሊከሰት ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከአጋሮም ከሊሙም ሰው ይመጣል። ስትሄዱ የአሮጌውንም የአዲሱንም መድኃኒት ማሸጊያ ያዙ። እህቴ ሁለቱንም ከሐኪሙ ወረቀት ጋር በአንድ ፌስታል አድርጋ በሩ ጀርባ ሰቅላዋለች፤ የት እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።