«አቀማጠለ» እና «አሞላቀቀ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የክረምት ጠዋቷ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በአንድ እንዲህ ያለ ጠዋት ከኮምቦልቻ የመጣ ዘመዳችን፣ እኅቴ የአያታችንን እግር በሙቅ ውኃ አጥባ፣ እሳት ዳር የሞቀ ጋቢ ደርባላቸው፣ ገንፎውን ቅቤ እያስነካች ስታጎርሳቸው አይቶ «እማማን እኮ አሞላቀቅሻቸው!» አላት። እርሷም ቅር ብሏት «አቀማጠልሻቸው በል እንጂ» ስትል አረመችው፤ እርማቷም ትክክል ነበር።

ብዙዎች ሁለቱን ግሦች አንድ ያደርጓቸዋል። ይሁን እንጂ «አቀማጠለ» የሚነግረን አድራጊው ስለሚሰጠው ምቾትና እንክብካቤ ሲሆን፣ «አሞላቀቀ» ግን ያሻውን ሁሉ እሺ እየተባለ እምቢታ መስማት እስኪያቅተው ድረስ ስለተበላሸው ሰው ጠባይ ነው። «አቀማጥሎ» ከሚለው ቀጥሎ «አሳደጋት»፣ «አኖራቸው» ማለት የሚቀናን፣ «አሞላቅቆ» ካልን በኋላ ግን «አበላሸው» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ «አቀማጠለ»ም ለወቀሳ ይውላል፤ ያን ጊዜ ግን ወቀሳው የሚመጣው ከአነጋገሩ እንጂ ከግሡ አይደለም። ለአረጋዊት አያት የተደረገን እንክብካቤ ማሞላቀቅ ብሎ መጥራት ተንከባካቢዋንም ተጧሪዋንም ያለ ጥፋታቸው መውቀስ ስለሆነ፣ ልዩነቱን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

«ተሞላቀቀ» ሁልጊዜ ሌላ አድራጊ ያስፈልገዋል የሚለውም ስሕተት ነው። «ተቀማጥላ አደገች» ስንል ያቀማጠላት ሰው እንዳለ እንረዳለን፤ «አትሞላቀቅ!» ስንል ግን የምንገሥጸው ራሱን ልጁን ነው፤ ማንም ሳያሞላቅቀው በገዛ ራሱ ሊሞላቀቅ ይችላልና።

«ቅምጥል» የመጣው «ተቀመጠ» ከሚለው ነው፣ ትርጉሙም ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ማለት ነው የሚሉም አሉ። የግሡ እርባታ ግን ይህን አይደግፍም፤ «አቀማጠለ»፣ «ተቀማጠለ»፣ «ቅምጥል» በሚሉት ሁሉ «ለ» ከግሡ ሳትለይ ስትገኝ፣ ከ«ተቀመጠ» የሚወጡት «አስቀመጠ» እና «መቀመጫ» ግን ይህች ፊደል የለቻቸውም።

ማቀማጠል ሀብት ይጠይቃል መባሉም ልክ አይደለም። በዚያ ጠዋት በቤታችን የነበረው የሞቀ ውኃ፣ አንድ ጋቢና በጭልፋ ጫፍ የተቀዳ ቅቤ ብቻ ነበር።