የድርሻ መመናመን ምንድን ነው? ኩባንያው ተርፎ ባለአክሲዮኑ ሲከስር

አንድ ኩባንያ ከውድቀት ሲተርፍ የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብም አብሮ የሚተርፍ ይመስላል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም። ሥራው ቀጥሎ፣ ገበያው አገግሞ፣ አክሲዮኑን ከመጀመሪያው የያዘው ሰው ገንዘቡን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሊያጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የድርሻ መመናመን ነው። ኩባንያው አዳዲስ አክሲዮኖችን ሲያወጣ፣ ከአዲሶቹ ያልገዛ ነባር ባለአክሲዮን በኩባንያው ላይ ያለው የባለቤትነት መቶኛ ይቀንሳል። የያዛቸው አክሲዮኖች ቁጥር አልተነካም፤ ያደገው የጠቅላላው ብዛት ነው።

ነገሩን ከብሪታንያው ካንትሪዋይድ በተሻለ የሚያሳይ ኩባንያ አላውቅም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካንትሪዋይድ ሃምፕተንስንና ቤርስቶ ኢቭስን በመሳሰሉ በርካታ የንግድ ስሞች ቤት የሚያሻሽጥና የሚያከራይ፣ በአገሩ ትልቁ የድለላ ኩባንያ ነበር። በመጋቢት 2013 ለንደን አክሲዮን ገበያ ሲገባ አንዱ አክሲዮን በ350 ፔንስ ተሸጠ (100 ፔንስ አንድ ፓውንድ ነው)።

የቤት ድለላ ገቢ የሚመጣው ከኮሚሽን ነው። ስለዚህ ከቤቱ ዋጋ ይልቅ የሽያጩ ብዛት ይወስነዋል፤ ሰው ቤት መለወጥ ሲያቆም ገቢው ይደርቃል። የቅርንጫፍ ኪራይ፣ ደመወዝና የባንክ ወለድ ግን ሽያጭ ኖረም አልኖረም ይከፈላሉ። በ2016 በሁለተኛ ቤት ግዢ ላይ የ3 በመቶ ተጨማሪ ግብር ተጣለ፤ በዚያው ዓመት ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠች፤ ገዢውም ሻጩም አመነታ። አመራሩ በበኩሉ ያካሄደው የአደረጃጀት ለውጥ ሠራተኛውን አራቀ። ዕዳው 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሆኖ ሳለ ትርፉ እየተሟጠጠ ሄደ።

በ2018 አጋማሽ አክሲዮኑ ከ50 ፔንስ በታች ነበር። እንዲህ ያለ አክሲዮን የያዙ አነስተኛ ባለሀብቶች ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን «ከ350 ወደ 50 ከወረደ በኋላ ከዚህ በላይ ወዴት ይወርዳል? ቤት መግዛትና መሸጥ እንደሆነ አይቀርም፣ ገበያው ይመለሳል» ይላል። ሁለተኛው «የለም፣ ሰው ቤቱን በኢንተርኔት መሸጥ ጀምሯል፣ ይህ ሥራ አብቅቶለታል» ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም የተሳሳተ ጥያቄ ይዘው ነው የሚሟገቱት። መጠየቅ የነበረበት ዕዳውን ማን፣ በምን ዋጋ ይከፍለዋል የሚለው ነው።

መልሱ በነሐሴ 2018 መጀመሪያ መጣ። ኩባንያው 140 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሰብሰብ 1.4 ቢሊዮን አዳዲስ አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ10 ፔንስ እንደሚሸጥ አስታወቀ። በዋዜማው የገበያው ዋጋ 49 ፔንስ ገደማ ነበር፤ ማስታወቂያው በወጣበት ዕለት ከግማሽ በላይ ተናደ። የነባሮቹ አክሲዮኖች ብዛት 241 ሚሊዮን ያህል ስለነበር ጠቅላላው ወደ 1.64 ቢሊዮን አሻቀበ። ምንም ያልገዛ ነባር ባለአክሲዮን ቀድሞ ከነበረው የባለቤትነት መቶኛ 15 በመቶው ብቻ ቀረው። ወደፊት ከሚገኘው ማናቸውም ትርፍ የሚደርሰውም በዚያው ልክ አነሰ።

አዲስ አክሲዮን ማውጣት በራሱ ክፉ አይደለም። በትክክለኛ ዋጋ ከተሸጠ፣ መቶኛው ቢቀንስም የገባው ገንዘብ የኩባንያውን ዋጋ ስለሚያሳድግ ነባሩ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው በርካሽ ሲሸጥ ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ አበዳሪ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ነው። ካንትሪዋይድ በ2017 ከ170 ፔንስ በላይ በሆነ ዋጋ ጥቂት አክሲዮኖችን ሸጦ ወደ 38 ሚሊዮን ፓውንድ አግኝቶ ነበር። ያን ጊዜ የዕዳውን ትልቅ ክፍል የሚያቃልል ያህል ቢሸጥ ኖሮ የ10 ፔንሱ ውርደት አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

አነስተኛው ባለሀብት ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የአክሲዮን ሽያጭ ለነባሩ ባለአክሲዮን ሊሸጠው የሚችል የግዢ መብት ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ባይኖረው መብቱን ለሌላ ሸጦ ጉዳቱን ይቀንሳል። የካንትሪዋይድ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከፊሉ በቀጥታ ለትልልቅ ባለሀብቶች ተመደበ። ለነባሮቹ የቀረበውም ወይ ትገዛለህ ወይ ይቀርብሃል የሚል ነበር። በዚሁ ሰሞን ለከፍተኛ አመራሩ በሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር ጉርሻ ታቅዶ ነበር። ይህ ኀፍረት የለሽ ዕቅድ የተሰረዘው ባለአክሲዮኖች ከተቃወሙት በኋላ ነው።

በ2019 መጨረሻ ኩባንያው 50 አክሲዮኖችን ወደ 1 ጠቀለለ። ይህ ከመመናመን ጋር መምታታት የለበትም፤ የሁሉም ብዛት እኩል ስለሚቀንስ የማንም መቶኛ አይለወጥም፤ 6 ፔንስ የነበረው 3 ፓውንድ ሆኖ ይታያል እንጂ ሀብት አልተጨመረም። በ2020 እንግሊዝ የቤት ግዢ ቀረጥን ለጊዜው ስትቀንስ ገበያው ተሟሟቀ። ይመለሳል ያሉት ትክክል ሆኑ። ተፎካካሪው ኮኔልስ በ250 ፔንስ ጀምሮ በመጨረሻ በ395 ፔንስ ሒሳብ ኩባንያውን ለመግዛት ተስማማ፤ ግዢው በመጋቢት 2021 ተጠናቀቀ።

በ2013 አንድ ሺህ አክሲዮን በ3,500 ፓውንድ ገዝቶ እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው እንግዲህ ከጥቅለላው በኋላ 20 አክሲዮን ቀርቶት 79 ፓውንድ ተከፈለው፤ በመካከል ያገኘው የትርፍ ክፍፍል ሳይቆጠር። በ10 ፔንሱ ሽያጭ በ100 ፓውንድ አንድ ሺህ የገዛውም ያገኘው ያንኑ 79 ፓውንድ ነው። ካንትሪዋይድ ግን አልፈረሰም፤ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ ሥራው ቀጠለ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባለአክሲዮኖችም ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ካዘዘ ወዲህ ባንኮች አዳዲስ አክሲዮኖችን ሲሸጡ ቆይተዋል። የንግድ ሕጉ ነባር ባለአክሲዮን በድርሻው ልክ በቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጠዋል። ባንኩ በዓመታት ያከማቸው መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ እያለው አዲሱን አክሲዮን በላዩ ላይ በተጻፈው መነሻ ዋጋ ብቻ ሲሸጥ፣ ያልገዛው ነባር ባለአክሲዮን ከዚያ ክምችት የራሱን ድርሻ ቆርሶ ለአዲሱ ገዢ እየሰጠ ነው። ስለዚህ የሽያጭ ማስታወቂያ ሲወጣ ሦስት ነገር ይታይ፦ አሁን ስንት አክሲዮን አለ፣ ስንት ይጨመራል፣ በስንት ይሸጣል። የቅድሚያ መብቱ የሚያበቃበት ቀንም አብሮ ይመዝገብ፤ ቀኑ ካለፈ አክሲዮኑ ለሌላ ይሸጣል።