አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? ከቀበሌ እስከ ፌዴራል

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። የሰማ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ሮጠ፤ ሰው ለማውጣት እየቆፈሩ ሳለ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለማዳን ሄደው ከሞቱት መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። የመንግሥት ምላሽ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አዲስ አበባን ነው። በዚያ ጠዋት ግን ቦታው ላይ የነበሩት የመንግሥት ሰዎች እነዚህ ነበሩ።

አሠራሩ ሲታይ መሰላል ነው። ቀበሌው ለወረዳ ያሳውቃል፣ ወረዳው ከአቅሜ በላይ ነው ሲል ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉም ካልቻለ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይገባበታል። ጥያቄ ወደ ላይ ይወጣል፣ እህልና ገንዘብ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህ መሰላል የተሠራው በዋናነት ለድርቅ ነው። የኮሚሽኑ ሥር የሚመዘዘው ከወሎ ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመው እርዳታ ማስተባበሪያ ነው። በበልግና በመኸር የሚደረገው ግምገማ፣ የመጠባበቂያ እህሉ፣ ከ1997 ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት፣ ሁሉም ረሃብን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ድርቅ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ፣ ሪፖርቱ ቢዘገይም ቢያንስ የወራት ጊዜ ይኖራል። ናዳ ግን ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ጎፋ ላይ ተራራው ቁልቁለት ስለሆነ ማሽን ማስገባት አልተቻለም፤ ሰው በእጁና በአካፋ ነው የቆፈረው። ከላይ የሚመጣው ኃይል የቱንም ያህል ቢፈጥን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጎረቤትና የቀበሌ ናቸው፣ በጀቱ ያለው ግን ላይ ነው። ለእኔ ትልቁ ችግር ይህ ነው።

ሌላው ራስ ምታት ድንበር ነው። አደጋ የክልል ወሰን አያውቅም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውና ከ250 በላይ ሰው የገደለው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ዝናቡ የዘነበው ከከተማው በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ናት። ስለዚህ ከላይ የዘነበውን ዝናብ ከታች ላለው ሰው በጊዜ የሚነግር ያስፈልጋል። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥም አፋርና ኦሮሚያ ሁለቱም ተነኩ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ሁለት ክልል ሲነካ ፌዴራሉ ዳር ቆሞ የሚጠይቁኝን ልጠብቅ ማለት አይችልም፣ ገና ከጅምሩ መግባት አለበት።

ከነፍስ አድኑ በኋላ ደግሞ የማስፈር ሥራ ይመጣል፤ ካሜራው ሲሄድ የሚረሳውም ይኸው ነው። ከጎፋው ናዳ በኋላ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከስጋት ቦታ መነሳት እንዳለባቸው ተነግሯል። መሬት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፣ ለቤት፣ ለውኃና ለትምህርት ቤት የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ከወረዳ ካዝና ብቻ አይወጣም፣ አያት ቅድመ አያቱ የተቀበሩበትን ቀዬ ልቀቅ ተብሎ የሚነገረውን ገበሬ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያነጋግረው ግን ያው የቀበሌው ሰው ነው።